የዶቨር ነጭ ገደሎችና የጦርነት ምሽጎቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዶቨር የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ነጩን ገደል ነው። ፎቶ ይነሳል፣ ከነፋሱ ጋር ይታገላል፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ገደሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ያያል። «ያ ምንድን ነው? መስኮት ነው እንዴ?» ይላል። አዎ፣ መስኮት ነው። ከኋላው ክፍል አለ። ከክፍሉ ኋላ ደግሞ ረጅም ዋሻ አለ፤ በዚያ ዋሻ ውስጥ ሰዎች ዓመታት ኖረዋል።

እኔ የምኖረው ለንደን ነው። ዘመድ ወይም ወዳጅ ሲመጣብኝ ዶቨር ይዤው እሄዳለሁ። የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁሌም ተመሳሳይ ነው፤ ስለዚህ መልሶቹን አንድ ቦታ ላይ ሰበሰብኳቸው። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በኛ አቆጣጠር የሆነውን ለይቼ እናገራለሁ።

ዶቨር የት ነው? ገደሉስ ለምን ነጭ ሆነ?

ዶቨር በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ኬንት በሚባለው ክፍለ ሀገር ያለች የወደብ ከተማ ናት። ከፈረንሳይ የሚለያት ባሕር በጠባቡ ቦታ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ከሚወስደው መንገድ ያንሳል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ማዶ ያለው የፈረንሳይ ምድር በዓይን ይታያል።

ገደሉ ጠመኔ ነው። ተማሪ ቤት ሰሌዳ ላይ ስንጽፍበት የነበረው ዓይነት ድንጋይ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ውስጥ የነበሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ቅርፊት ተከማችቶ፣ ተጨምቆ የተሠራ ነው። ከፍታው አንዳንድ ቦታ 110 ሜትር ይደርሳል።

ይህን ነገር በደንብ ያዙልኝ፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ጠመኔ በዶማ ይቆፈራል። ሲቆፈር ግን እንደ አፈር አይደረመስም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ወታደር በመጣ ቁጥር መቆፈር ጀመረ።

ይህን ሁሉ ምሽግ እዚህ ቦታ መሥራት ለምን አስፈለገ?

ለጠላት ቅርብ ስለሆነ። ከአውሮፓ ተነስቶ ወደ ለንደን ለሚመጣ ሠራዊት አጭሩ መንገድ ይሄ ነው። በጁን 1940 ፈረንሳይ ስትወድቅ ደግሞ የሂትለር ጦር ማዶ ዳርቻ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዶቨር ሰው ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት ጠላት የያዘውን አገር ያያል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ባሕሩ ራሱ መንገድ ነው። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል መርከቦች በዚህ ጠባብ ሰርጥ ያልፉ ነበር። የጀርመን መርከቦችም ያልፉ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ገደል ላይ ሆነው አንዱ የሌላውን መንገድ ለመዝጋት ይሞክሩ ነበር።

ዋሻዎቹ ሁሉ የተቆፈሩት በሁለተኛው ዓለም ጦርነት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከተማዋን ቁልቁል የሚያየው የዶቨር ግንብ ዋናው ማማ የተሠራው በ1180ዎቹ፣ በንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ዘመን ነው። በ1216 የፈረንሳዩ ልዑል ሉዊ ከበበው። የልዑሉ ሰዎች ከሥር ቆፍረው ከበሩ ማማዎች አንዱን ጣሉት። ግንቡን ግን አልያዙትም። ጠመኔው ለአጥቂም ለተከላካይም እኩል ነበር የሚቆፈረው።

ቀጥሎ የመጣው የፈረንሳይ አብዮትና የናፖሊዮን ዘመን ነው። ከ1797 ጀምሮ ከግንቡ ሥር፣ ወደ ባሕር በሚያየው የገደሉ ፊት ላይ ትላልቅ ዋሻዎች ተቆፈሩ። ከተማው ውስጥ ለወታደር ማደሪያ ጠፍቶ ነበር። በበዛበት ጊዜ 2,000 ያህል ወታደሮች በዚህ ገደል ሆድ ውስጥ ያድሩ ነበር። መጀመሪያ የነገርኳችሁ መስኮቶች የእነዚህ ናቸው።

ከከተማው በስተምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይም ግዙፍ ምሽግ ተሠራ። እዚያ እኔን በጣም የሚገርመኝ «ግራንድ ሻፍት» የሚሉት ደረጃ ነው። በ1806 እና በ1809 መካከል የተሠራ ነው። ችግሩ ይህ ነበር፦ ወታደሩ ያለው ኮረብታው ላይ፣ ጠላት የሚመጣው ከታች ነው። በዙሪያ መንገድ ከወረደ ይዘገያል። ስለዚህ 40 ሜትር ከምናምን ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቁልቁል ቆፍረው፣ ውስጡ አንድ ሳይሆን ሦስት ጥምዝምዝ ደረጃዎች ሠሩ። ሦስቱ እርስ በርስ እየተጠላለፉ ይወርዳሉ፤ ግን አይገናኙም። በአንድ ጊዜ ሦስት ሰልፍ ወታደር ሳይጋፋ ይወርዳል ማለት ነው።

ናፖሊዮን አልመጣም። ዋሻዎቹ ግን ቀሩ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ሥራ አገኙ።

ከደንከርክ ማፈግፈግ ጋር ምን ግንኙነት አለው?

ደንከርክ የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ናት፤ በ1940 በጀርመን ጦር የተከበቡ የእንግሊዝና የአጋሮቿ ወታደሮች ከዚያ በመርከብ ወጡ። ያ ዘመቻ የተመራው ከዚሁ ገደል ውስጥ ነው። የዘመቻው መሪ አድሚራል በርትራም ራምሴ ቢሯቸው በግንቡ ሥር ባሉት በናፖሊዮን ዘመን ዋሻዎች ውስጥ ነበር። ከሜይ 26 እስከ ጁን 4 1940 ድረስ ከደንከርክ የባሕር ዳርቻ 338,226 ወታደሮች ወጡ። መጀመሪያ ላይ 45,000 ማዳን ከተቻለ ትልቅ ነገር ነው ተብሎ ነበር። ከዳኑት ከግማሽ የሚበልጡት በዶቨር ወደብ በኩል ገብተው በባቡር ወደ መሀል አገር ተወሰዱ።

ከዚያ በኋላ ዋሻዎቹ እየሰፉ ሄዱ። በ1941 ሆስፒታል ተጨመረ። በኋላም ከሥራቸው ሌላ ደርብ ተቆፈረ። ስልክ የሚያገናኙ፣ መልእክት የሚቀበሉ ብዙ ሴቶች እዚያ ይሠሩ ነበር። ፈረቃቸውን ጨርሰው ሲወጡ ዓይናቸው ብርሃን መልመድ ነበረበት።

ፋን ቤይ የሚሉት ዋሻ ምንድን ነው? ሰው ስለሱ ለምን ይህን ያህል ያወራል?

ለኔ የዶቨር ልብ ይህ ነው። ግንቡን ዓለም ያውቀዋል። ፋን ቤይን ግን ለ40 ዓመት ያህል የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

በጁላይ 1940 ቸርችል ዶቨር መጡ። የጠላት መርከቦች ከፊታቸው በሰላም ሲያልፉ አዩ፤ በጣም ተቆጡ። ከዚያ በኋላ ከዶቨር በስተምሥራቅ ባለው ገደል ላይ አዳዲስ የመድፍ ጣቢያዎች እንዲሠሩ ታዘዘ። አንዱ ፋን ቤይ ነው። 6 ኢንች አፈሙዝ ያላቸው ሦስት መድፎች ተተከሉ።

መድፍ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ሰውየው ከላይ ሜዳ ላይ ካደረ ከማዶ በሚመጣ ጥይት ያልቃል። ስለዚህ መሐንዲስ ጦር መጣና ጠመኔውን መቆፈር ጀመረ። ሥራው ከኖቬምበር 1940 እስከ ፌብሩዋሪ 1941 ነው፤ 100 ቀን ብቻ። ወደ 23 ሜትር ያህል ጠልቀው ገቡ። ጣሪያውን በብረት ቅስትና በቆርቆሮ ደገፉት። 125 ደረጃ ወርዳችሁ ነው የምትደርሱት። 4 መኮንኖችና 185 ወታደሮች እንዲይዝ የተሠራ ነው። ተደራራቢ አልጋ፣ የጠመንጃ መደርደሪያ፣ ሕክምና ክፍል፣ ዕቃ ቤት ነበረው። በጁን 1941 ቸርችል ራሳቸው ገብተው አይተውታል።

ጦርነቱ አለቀ። በ1950ዎቹ ተዘጋ። በ1970ዎቹ መግቢያው በአፈርና በፍርስራሽ ተሞላ። ከላይ ሣር በቀለበት፣ በጎች ጋጡበት፣ ሰው ውሻውን እያናፈሰ አለፈበት። ከእግሩ ሥር ምን እንዳለ ሳያውቅ።

በ2012 ናሽናል ትረስት የሚባለው ቅርስ ጠባቂ ድርጅት ያንን መሬት ገዛ። ከዚያ መግቢያው ተገኘ። በጎ ፈቃደኞች 18 ወር ሙሉ፣ አብዛኛውን በእጃቸው፣ 100 ቶን አፈርና ድንጋይ አወጡ። በጁላይ 2015 ለሕዝብ ተከፈተ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ከአፈሩ ውስጥ መድፍ አልተገኘም። የተገኘው የሲጋራ ፓኮ ነው። የእግር ኳስ ውርርድ ኩፖን ነው። መርፌና ክር ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ወታደሮቹ በሚስማር ይሁን በሳንጃ ስማቸውን ቀርጸዋል። ጠመኔ ለመጻፍ ምቹ ነው። መብራት ስታበሩበት ጽሑፉ ትናንት የተጻፈ ይመስላል።

ስለ ጦር ምሽግ ስናወራ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ነው የምናወራው። ግን ያ መርፌ የማን ነበር? ካልሲው ተቀዶበት፣ በዚያ እርጥብ ዋሻ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚሰፋ ልጅ ነበር። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የዶቨር መከላከያ ማለት ለኔ እሱ ነው። ገደሉ ብቻውን ማንንም አላገደም። ያገደው ውስጡ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ነው።

እዚያው አጠገብ ያለው ትልቅ የሲሚንቶ ሳህን የሚመስል ነገርስ?

የድምፅ መስታወት ይባላል። ብርሃን ሳይሆን ድምፅ የሚመልስ መስታወት። ፋን ቤይ ላይ ሁለት አሉ። ገደሉ ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተቀርጸው በሲሚንቶ ተለብጠዋል፤ ፊታቸው ወደ ባሕሩ ነው። አንዱ የ1917 ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሩቅ የሚመጣው የአውሮፕላን ድምፅ ሳህኑን ይመታና ተሰብስቦ ፊቱ ባለ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል። እዚያ ነጥብ ላይ የሚያዳምጥ ሰው አለ። ጆሮው ላይ ከመስሚያ ጋር የተያያዘ ቱቦ አድርጎ፣ ጠላት ገና በዓይን ሳይታይ ይሰማዋል። በ1917 ከ20 ኪሎ ሜትር አካባቢ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰምቶበታል። የዚያን ዘመን አውሮፕላን ቀርፋፋ ስለነበር ጥቂት ደቂቃ ማትረፍ ትልቅ ነገር ነበር።

በ1930ዎቹ አውሮፕላን ፈጠነ። ድምፁ ሲሰማ አውሮፕላኑም አብሮ ይደርስ ጀመር። ራዳር መጣ። ዶቨር አጠገብ ስዊንጌት ላይ ከመቶ ሜትር በላይ የሚረዝሙ የራዳር ማማዎች ተተከሉ። መስታወቶቹ ሥራ ፈቱ፤ በኋላም ተቀበሩ። ዛሬ ተቆፍረው ወጥተዋል። ፊታቸው ቆሜ ባሕሩን ሳዳምጥ ያ ተረኛ ጠባቂ ይታሰበኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ፣ ነፋሱን ከሞተር ድምፅ ለመለየት እየጣረ።

መድፎቹ ፈረንሳይ ድረስ ይተኩሱ ነበር? ውጤትስ ነበራቸው?

ይተኩሱ ነበር። ውጤቱ ግን እንደ መድፉ ይለያያል።

ሴንት ማርጋሬት በምትባለው መንደር አጠገብ «ዊኒ» የሚባል 14 ኢንች መድፍ ነበር፤ በቸርችል ስም የተሰየመ ነው። አንዱ ጥይት ከ700 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በኦገስት 1940 ባሕሩን አሻግሮ መተኮስ ጀመረ። ቀጥሎ ሁለተኛ ወንድም ተጨመረለት። የሕዝቡን ሞራል አነሳስተዋል፤ ይህን አላቃልለውም። የሚንቀሳቀስ መርከብ ለመምታት ግን አይሆኑም። ሲጎርሱ ይቆያሉ፣ ለማነጣጠርም ያስቸግራሉ።

መርከብ ለመምታት የተሻሉት አነስ ያሉት ናቸው፤ የፋን ቤይና የሳውዝ ፎርላንድ መድፎች። ሳውዝ ፎርላንድ ላይ 9.2 ኢንች የሆኑ አራት መድፎች ነበሩ። በራዳር ታግዘው በጨለማና በጉም ይተኩሱ ነበር።

አንድ ቀን ግን አልተሳካም፤ እሱንም መናገር አለብኝ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1942 ሻርንሆርስት፣ ግናይዘናውና ፕሪንዝ ኦይገን የተባሉ ሦስት ትላልቅ የጀርመን የጦር መርከቦች በቀን፣ በመጥፎ አየር ተሸፍነው በዚህ ሰርጥ አለፉ። የሳውዝ ፎርላንድ መድፎች በራዳር ብቻ እየተመሩ 33 ጥይት ተኮሱ። አንዱም አልመታም። በዚያው ቀን በዩጂን ኤዝሞንድ የሚመሩ ስድስት ዝግተኛ ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላኖች ከማንስተን አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተው መርከቦቹን ለማጥቃት ሄዱ። ስድስቱም ተመትተው ወደቁ። ከ18ቱ ሰዎች የተረፉት 5 ናቸው። ኤዝሞንድ ከሞቱት አንዱ ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ የአገሪቱ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ ተሰጣቸው። ገደሉ ላይ የነበሩት መድፈኞች ያን ቀን ማታ እንዴት እንዳደሩ አስቡት።

ጀርመኖች በእርግጥ በዚህ ገደል ሊወጡ አስበው ነበር?

በገደሉ ላይ በቀጥታ አይደለም። የ1940 የወረራ ዕቅዳቸው የዶቨር ጎረቤት ከሆነችው ከፎክስቶን ከተማ በስተምዕራብ ባለው ዝቅተኛ ዳርቻ ለመውረድ ነበር። የዶቨርን ወደብ ግን ይፈልጉት ነበር። ወረራው በሴፕቴምበር 1940 ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም።

የከተማው ሕዝብስ እንዴት ኖረ?

ቦታውን «የገሃነም እሳት ማዕዘን» ይሉት ነበር። ስሙ የተጋነነ አይደለም።

ጀርመኖች ማዶ፣ በፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ ካሌ አካባቢ ግዙፍ መድፎች ተከሉ። አንዱ ጣቢያ ሊንደማን ይባላል፤ 40 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ ያላቸው ሦስት መድፎች ነበሩት። የመጀመሪያው ጥይት ዶቨር የወደቀው ኦገስት 12 1940 ነው። የመጨረሻው ሴፕቴምበር 26 1944። በዚህ አራት ዓመት ውስጥ ከተማው ላይ የወደቀው የመድፍ ጥይት 2,226 ተብሎ ተቆጥሯል። ይህ የአውሮፕላን ቦምቡን ሳይጨምር ነው። በቦምቡም በጥይቱም 216 ሲቪል ሰዎች ሞተዋል።

የመድፍ ጥይት ከአውሮፕላን የሚለይበት ነገር አለ። አውሮፕላን ሲመጣ ይሰማል፤ ሳይረን ይነፋል፣ ሰው ይደበቃል። የመድፍ ጥይት ግን ባሕሩን ለመሻገር አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ይበቃዋል፤ ከድምፅም ይፈጥናል። ፍንዳታው ከተሰማ በኋላ ነው የተኩሱ ድምፅ የሚደርሰው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥይት ራሱ ነበር ማስጠንቀቂያው። የመጀመሪያው የወደቀበት ሰው ምንም ዕድል የለውም። ዳቦ ለመግዛት ወጥቶ መቅረት ማለት ነው።

ታዲያ ምን አደረጉ? እነሱም ጠመኔው ውስጥ ገቡ። ከተማው ከገደሉ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ከቤቶቹ ጀርባ የቆዩ ዋሻዎች ነበሩ። ኦይል ሚል እና ዊንቸልሲ የሚባሉት ዋሻዎች የሕዝብ መጠለያ ሆኑ። ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ገባ። ሕፃናት እዚያ አደሩ። ብዙ ተማሪዎች ደግሞ በጁን 1940 መጀመሪያ በባቡር ወደ ደቡብ ዌልስ ተላኩ። ከደንከርክ የሚመለሰው ወታደር በወደቡ ሲገባ የከተማዋ ልጆች በባቡር ጣቢያው በኩል ይወጡ ነበር። እናት በአንድ ቀን ሁለቱንም አየች።

የቀሩት መኖራቸውን አላቆሙም። ሱቅ ይከፈታል፣ ፖስታ ይታደላል። ሮያል ሂፖድሮም የሚባለው ቲያትር ቤት ለወታደሮቹ ማሳየቱን ቀጠለ። እሱም የተመታው ጦርነቱ ለዶቨር ሊያልቅ ሲል፣ በሴፕቴምበር 1944 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አልተከፈተም።

ማዶ ያሉትን መድፎች የያዟቸው የካናዳ ወታደሮች ናቸው። ዛሬ ከሊንደማን ጣቢያ የመጣ የብረት ጋሻ ቁራጭ ዶቨር ባሕር ዳርቻ ላይ መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል። ጣቢያው ራሱ ደግሞ ማዶ፣ በባሕር ሥር ለሚሄደው ባቡር ዋሻ ሲቆፈር በወጣው አፈር ተቀብሯል። በዚህኛው በኩል የወጣው ጠመኔ ሳምፋየር ሆ የሚባል መናፈሻ ሆነ። ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኢትዮጵያ ምን ላይ ነበረች? እኛን የሚነካን ነገር አለ?

አለ። እኔ ሁሌ የማነሳው ይህን ነው።

ፋን ቤይ በሚቆፈርበት በዚያው 100 ቀን ውስጥ፣ ጥር 12 ቀን 1933 በኛ አቆጣጠር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን ድንበር ተሻግረው ገቡ። ቸርችል ፋን ቤይ ዋሻ ውስጥ በገቡበት ወር ደግሞ አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች አንድ ወር አልፏት ነበር። እዚህ ያለው ወታደር ጠመኔ ሲቆፍር፣ የኛ አርበኞች አምስት ዓመት የቆየውን ትግል እየቋጩ ነበር። አንድ ጦርነት ነው፤ ሁለት ገደል ነው።

ዋሻ ውስጥ መሸሸግም ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1931፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዘረት በሚባለው ቦታ፣ ብዙ ሰው አመፀኛ ዋሻ ገብቶ ከጣሊያን ጦር ተጠልሎ ነበር። ፋሺስቶቹ የመርዝ ጋዝ ተጠቀሙባቸው። ሴቶችም ሕፃናትም ነበሩ። ፋን ቤይ ውስጥ አስጎብኚው ዋሻው ከአንድ በላይ መውጫ እንዲኖረው ተደርጎ መሠራቱን ሲነግረን፣ እኔ ዘረትን ነው ያሰብኩት። እነዚያ መሐንዲስ አልነበራቸውም። 125 ደረጃም አልነበራቸውም።

የቅርብ ጊዜውም አለ። ቅድም የነገርኳችሁ የምዕራቡ ኮረብታ ምሽግ እስከ 2015 ድረስ የስደተኞች ማቆያ ነበር። ለናፖሊዮን የተቆፈረው ቦይ፣ ወረቀት የሌለውን ሰው ማገጃ ሆኖ አገለገለ። ከካሌ በትንሽ ጀልባ ተነስተው ይህን ባሕር ካቋረጡት መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች አሉ። ለነሱ ነጩ ገደል የጦርነት ታሪክ አይደለም፤ ከሌሊት በኋላ መጀመሪያ ያዩት መሬት ነው። ከነሱ አንዱን ይዛችሁ ዶቨር ከሄዳችሁ ቶሎ ቶሎ አታስጎብኙት። ዝም ብሎ ባሕሩን ማየት ይፈልግ ይሆናል።

ከጦርነቱ በኋላ ምሽጎቹ ምን ሆኑ?

መድፎቹ ተነቅለው ሄዱ። የግንቡ ዋሻዎች በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ፣ የኑክሌር ጥቃት ቢደርስ አካባቢውን የሚያስተዳድሩ ሰዎች እንዲሠሩባቸው ተዘጋጁ። እስከ 1980ዎቹ በዚሁ ቆዩ። ዛሬ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚባለው ሌላ ቅርስ ጠባቂ ድርጅት ያስጎበኛቸዋል። ላንግደን የሚባለው የድሮ የመድፍ ቦታ ደግሞ የባሕር ጠባቂዎች መቆጣጠሪያ ሆኗል፤ አሁንም ሌት ተቀን ሰርጡን የሚያይ ሰው አለበት። የተረፈው ሳር ውስጥ ነው። የመድፍ ወለል የነበረ ክብ ሲሚንቶ፣ በሩ የተደፈነ ምሽግ።

አንዳንዱ ደግሞ ወደ ባሕሩ እየሄደ ነው። ጠመኔ ለመቆፈር እንደሚመቸው ለዝናብና ለማዕበልም ይመቻል። በማርች 2012 ከላንግደን አካባቢ ትልቅ የገደል ክፍል ተንዶ ወደቀ። ስለዚህ አደራ፣ ለፎቶ ብላችሁ ወደ ጫፍ አትጠጉ። ከላይ ጠንካራ የሚመስለው ሣር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እጁን አትልቀቁ።

በአንድ ቀን ምን ምን ማየት ይቻላል?

ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ይወስዳል። በማለዳ ተነሱ።

ሁለት ምርጫ አለ። ግንቡን ከመረጣችሁ ቀኑ እዚያው ያልቃል። የደንከርክ ዋሻ፣ የሆስፒታሉ ዋሻ፣ የ1216 ከርሰ ምድር መንገድ፣ ማማው። ትኬቱ ርካሽ አይደለም። ግን ይክሳችኋል።

የኔ ምርጫ ግን የእግር መንገዱ ነው። ከናሽናል ትረስት የጎብኚዎች ማዕከል ተነስታችሁ በገደሉ አናት ወደ ምሥራቅ ትሄዳላችሁ። ፋን ቤይ መንገድ ላይ ነው። የሚከፈተው በወቅት ነው፣ የሚገባውም ከአስጎብኚ ጋር ሄልሜት አድርጎ ነው። የልጆች የዕድሜ ገደብም ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ። ደረጃው ከባድ ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አልመክርም። ዋሻው ውስጥ በጋም ቢሆን ይበርዳል፣ ሹራብ ያዙ። ከዚያ ቀጥላችሁ ሳውዝ ፎርላንድ መብራት ቤት ትደርሳላችሁ። በ1843 የተሠራ ነው። የሬዲዮ ጀማሪው ማርኮኒ በ1898 እና በ1899 ገደማ በባሕር ላይ ካለ መርከብ ጋር በሬዲዮ መልእክት የተለዋወጡት ከዚህ ነው። ሻይ አለ፣ ኬክ አለ። ለመሄድ ብቻ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ደህና ጫማ አድርጉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ገደሉ ላይ ስትሆኑ ስልካችሁ የፈረንሳይን ኔትወርክ ይይዝና «እንኳን ወደ ፈረንሳይ በደህና መጡ» የሚል መልእክት ሊመጣላችሁ ይችላል። ሰዓቱም አንድ ሰዓት ወደፊት ይዘላል። የመመለሻ ባቡራችሁን በእጅ ሰዓት ተከታተሉ።